የቴአትር ድምፅና መብራት ሥራ፦ ጀማሪ በየት በኩል ይገባል?

ቴአትርን ደራሲና ተዋናይ ብቻ አይሠሩትም። መጋረጃው ከመከፈቱ ከብዙ ሰዓት በፊት መብራት የሚሰቅሉ፣ ገመድ የሚዘረጉና ማይክ የሚፈትሹ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ አሉ። ተመልካቹ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላም ዕቃውን የሚያወርዱት፣ የሚጠቀልሉትና የሚቆልፉት እነሱው ናቸው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከመድረክ ጀርባ ብዙ ትውልድ አልፏል። የእነዚህ ባለሙያዎች ስም በፖስተር ላይ እምብዛም ስለማይወጣ፣ ለቴአትር ፍቅር ያለው ወጣት ሁሉ ትወናን ብቻ ይመኛል፤ ኤሌክትሪክና ድምፅ የሚወድ ወጣትም ቴአትር ቤት የሥራ ቦታው ሊሆን እንደሚችል አያስብም።

ጀማሪ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ለምን እንደሚፈለግ ነው። ብዙዎች ሥራውን የሚያስቡት ሚክሰር ወይም የመብራት መቆጣጠሪያ ፊት ተቀምጦ ቁልፍ ማንቀሳቀስ አድርገው ነው። ያ ወንበር ለዓመታት የሠራ ሰው ወንበር ነው። ለአዲስ ሰው የሚሰጠው ሥራ ስፒከር መሸከም፣ ገመድ መዘርጋት፣ መሰላል መያዝ፣ የማይክ ባትሪ መቀየር፣ በየገመዱ ጫፍ ምልክት መለጠፍ፣ መብራት በሚስተካከልበት ሰዓት ደግሞ በተዋናዩ ፋንታ መድረክ ላይ መቆም ነው። ሥራው ተራ ይመስላል፤ ሙያው የሚገነባው ግን በዚህ ነው። ገመዱን በእጁ ያልዘረጋ ሰው ድምፅ ሲቋረጥ የት እንደሚፈልግ አያውቅም። አሠሪውም ጀማሪውን ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠራው ስለ ዕውቀቱ ብዛት ብሎ አይደለም፤ በሰዓቱ ስለደረሰ፣ ዕቃ ስላልሰበረና ያልገባውን ሳይነካ ስለጠየቀ ነው።

በአዲስ አበባ ቋሚ ሥራ የሚገኘው በመንግሥት ቴአትር ቤቶች ነው። ብሔራዊ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ ቴአትር፣ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር፣ እንዲሁም በ1957 ዓ.ም. በተመረቀው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ያለው የአዲስ አበባ ቴአትርና ባህል አዳራሽ በዋናነት ይጠቀሳሉ። ቅጥሩ እንደ ሌላው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ የሥራ መደብ ክፍት ሲሆን ማስታወቂያ ይወጣል፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠየቃል፣ ፈተና ይሰጣል። መደቡ ጥቂት ነው፤ የያዘው ሰውም ቶሎ አይለቅም። ማስታወቂያው ደግሞ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚቆይ፣ ጋዜጣውንም የመሥሪያ ቤቱን ሰሌዳም በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል። ይህን በር ብቻ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ረጅም ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል።

ለጀማሪ ይበልጥ የሚከፈተው በር የግሉ ነው። ሳውንድ ሲስተምና የመድረክ መብራት የሚያከራዩ ድርጅቶች ለሠርግ፣ ለኮንሰርት፣ ለምርቃትና ለጉባኤ ዕቃ ይጭናሉ፤ ቅዳሜና እሑድ የሰው እጅ ያጥራቸዋል። «ይህማ ቴአትር አይደለም» የሚል ይኖራል። ማይኩ፣ ስፒከሩና ገመዱ ግን አንድ ናቸው። ሠርግ ፍጥነትን ያስተምራል፤ ቴአትር ጸጥታንና ጥንቃቄን ይጨምርበታል። በርካታ አጥቢያዎች፣ በተለይ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ በየሳምንቱ ከነባንዱ ድምፅ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች አሏቸው። ብዙ ማይክ በአንድ ጊዜ መያዝን በነፃ ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ጎተ ኢንስቲትዩት፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና የጣሊያን ባህል ተቋም የሚያዘጋጇቸው ትንንሽ ትርዒቶችም ሠራተኛቸው ጥቂት ስለሆነ፣ ጀማሪ ሁሉንም ሥራ በቅርብ የሚያይባቸው ናቸው።

ሥራው ወቅት አለው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግና ኮንሰርት ይቀዘቅዛል። በጥር፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ እስከ ክረምት መግቢያ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካም የበዓል ዝግጅት ይበዛል። አከራይ ድርጅትን ሥራ ለመጠየቅ የተሻለው ጊዜ ወቅቱ ከመድረሱ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ነው። በግርግሩ መሀል አዲስ ሰው የሚያስተምር አይገኝም። የጾሙ ጊዜ ግን ዕቃ የሚጸዳበትና የሚጠገንበት ስለሆነ፣ የተበጠሰ ገመድ መበየድ የሚችል ወጣት በዚያ ሰዓት ይፈለጋል።

የአዲስ አበባ የመንግሥት ቴአትር ቤቶች አንድ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንድ ቴአትር የተመደበለት የሳምንቱ ቀን አለው፤ በዚያ ቀን እየታየ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይዘልቃል። በማግሥቱ በዚያው መድረክ ሌላ ቴአትር ይታያል። የመብራት ክፍሉ እንግዲህ የትናንቱን አፍርሶ የዛሬውን ይሠራል። ሳምንት ቆይቶ ያው ቴአትር ሲመለስ፣ ተዋናይቱ የምትቆምበት ብርሃን ከነበረበት ስንዝር መዛነፍ የለበትም። በቃል ይዞ ይህን ማድረግ አይቻልም። የትኛው መብራት በየትኛው ብረት ላይ እንደተሰቀለ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ወዴት እንደዞረ፣ በየትኛው ንግግር ላይ እንደሚበራና በስንት ሰከንድ እንደሚደበዝዝ ሁሉ ይጻፋል። እያንዳንዱ ለውጥ «ኪው» ይባላል፤ ቁጥርም ይሰጠዋል። የድምፁም እንዲሁ ነው፤ የበር መንኳኳቱ፣ የዝናቡ፣ የመኪናው ድምፅና በትዕይንት መካከል የሚገባው ሙዚቃ ሁሉ በጽሑፉ ጠርዝ ላይ ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ደብተርና እርሳስ ይዞ የሚመጣ፣ የሚነበብ ጽሕፈት ያለውና የቴአትሩን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ረዳት በአጭር ጊዜ አስፈላጊ ሰው ይሆናል። ዋናው ባለሙያ የታመመ ዕለት መቆጣጠሪያው ላይ የሚቀመጠው ኪዎቹን የሚያውቀው ረዳት ነው፤ ብዙ ሰውም ወደ ወንበሩ የደረሰው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

የመብራት ሥራ መነሻው ኤሌክትሪክ ነው፤ በዚህ ላይ መገመት አይፈቀድም። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ኃይል 220 ቮልት ነው። ፓር የሚባለው የተለመደ የመድረክ መብራት 1000 ዋት ሊስብ ይችላል፤ 1000 ለ220 ሲካፈል 4.5 አምፔር ገደማ ይሆናል። 16 አምፔር የሚችል አንድ መስመር እንዲህ ያለ መብራት 3 ይሸከማል። 4ኛው ሲጨመር ከ18 አምፔር ያልፍና ብሬከሩ ሊወድቅ ይችላል፤ ፊውዙ በተራ ሽቦ የተተካ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ይግላል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። መጋረጃ፣ ጣውላና ጨርቅ በሞላበት መድረክ ላይ የዚህ መዘዝ ከባድ ነው። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ የመሬት መስመር የሌለው ገመድ መጠቀምና መብራትን ያለ መጠባበቂያ የብረት ገመድ ከተመልካች ራስ በላይ መስቀል በብዙ ቦታ የሚታዩ ጥፋቶች ናቸው። ጀማሪው እነዚህን ሲያይ ለኃላፊው መናገር አለበት እንጂ «እዚህ ቤት እንዲህ ነው» ብሎ ማለፍ የለበትም።

ኤልኢዲ መብራት የኃይሉን ሸክም በእጅጉ አቅልሎታል፤ በምትኩ ሌላ ዕውቀት አምጥቷል። መቆጣጠሪያውና መብራቶቹ የሚነጋገሩት ዲኤምኤክስ 512 በሚባል ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሲሆን በአንድ ገመድ 512 ቻናል ያስተላልፋል። እያንዳንዱ መብራት የመነሻ አድራሻ ይሰጠዋል። 7 ቻናል የሚወስዱ መብራቶች ቢኖሩ የመጀመሪያው በ1 ይጀምራል፣ ሁለተኛው በ8፣ ሦስተኛው በ15። ሁለቱ አንድ አድራሻ ከያዙ አብረው ይበራሉ፣ አብረው ይጠፋሉ፤ አድራሻቸው ከተደራረበ ደግሞ አንዱ ቀይ ሲታዘዝ ሌላው ያልታዘዘውን ይሠራል። ይህን ሒሳብ መሥራትና በመብራቱ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ላይ ቁጥሩን ማስገባት በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ነገር ነው።

በድምፅ በኩል ዋናው ነገር መንገዱን ማወቅ ነው፦ ከማይክ ወደ ገመድ፣ ከገመድ ወደ ሚክሰር፣ ከሚክሰር ወደ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ወደ ስፒከር። ውሃ ሲቋረጥ ቧንቧውን ከሜትር ቆጣሪው ጀምሮ እንደመከተል ነው፤ ድምፅ ሲጠፋ ከምንጩ ተነስቶ አንድ በአንድ ይፈተሻል። ማይኩ በርቷል? ባትሪው አለ? በሌላ ገመድ ይሠራል? ሚክሰሩ ላይ ምልክቱ ይታያል? የሚታይ ከሆነ ችግሩ ከሚክሰሩ በፊት አይደለም፤ ግማሹ መንገድ ተጣራ ማለት ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ማይክ ከሚክሰሩ 48 ቮልት ካላገኘ ድምፅ አይሰጥም፤ ጀማሪ ተሰብሯል ብሎ የሚመልሰው ማይክ ብዙ ጊዜ ይህ ቁልፍ ያልተጫነለት ነው። ጆሮ የሚበሳው ጩኸት የሚመጣው ማይኩ የራሱን ድምፅ ከስፒከሩ መልሶ ሲሰማ ነው። መፍትሔው ስፒከሩን ከማይኩ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ተመልካቹ ማዞር፣ ማይኩን ወደ አፍ ማቅረብና ድምፁን መቀነስ ነው። አዳራሹ ረጅም ሲሆን ሌላ ነገር ይመጣል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ስፒከር ካልዘገየ፣ ኋላ የተቀመጠው ሰው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። ስለዚህ የኋላው ስፒከር በሰከንድ አንድ አሥረኛ እንዲዘገይ ይደረጋል።

ኤሌክትሪክ ሊቋረጥ በሚችልበት ከተማ ሌላም ሙያ ያስፈልጋል። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ባለው ጊዜ ዲጂታል ሚክሰርና ኮምፒውተር ይጠፋሉ፤ ያልተቀመጠ ኪው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። መቆጣጠሪያዎቹን በዩፒኤስ ማስያዝ፣ ሥራን በየመሀሉ ማስቀመጥና በፍላሽ ላይ ቅጂ መያዝ የረዳቱ የዘወትር ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ትምህርትን በተመለከተ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል በ1970 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ይጠራል። ዲግሪው ቴአትርን በሙሉ ለመረዳት ይጠቅማል፤ ለመንግሥት ቅጥርም ያግዛል። የመብራት ረዳት ለመሆን ግን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ተምሮ የብቃት ማረጋገጫ ፈተና ያለፈ ወጣት ይበልጥ የተዘጋጀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውድ ዕቃ የሌለው ሰው የሚለማመድበት መንገድም አለ። ኪውኤልሲ ፕላስ የሚባለው የመብራት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ግራንድኤምኤ የሚባለው ትልቅ የመብራት መቆጣጠሪያ በኮምፒውተር የሚሠራ ነፃ ቅጂ አለው። በብዙ ቦታ የሚታየው የቤሪንገር ኤክስ 32 ዲጂታል ሚክሰርም እንዲሁ ገጹን በላፕቶፕ ላይ የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም አለው። ድምፅ ለመቁረጥና ለማስተካከል ኦዳሲቲ ይበቃል። ላፕቶፕ ላይ አንድ ወር የተለማመደ ሰው እውነተኛው መሣሪያ ፊት ሲቀመጥ ባዶ እጁን አይሆንም።

ሥራ መጠየቂያው መንገድ ራሱ ጥበብ ይፈልጋል። ማመልከቻ ለሥራ አስኪያጁ ማስገባት አይከፋም፤ ጀማሪ የሚወስደው ግን ብዙውን ጊዜ የድምፅና መብራት ክፍል ኃላፊው ነው። እሱን ማነጋገር የሚቻለው በልምምድ ቀን ጠዋት ወይም ዕቃ በሚሰቀልበት ሰዓት ነው፤ ትርዒት ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጥያቄ ይዞ መቅረብ በሩን ይዘጋል። አነጋገሩም ልክ አለው። «ሚክሰር መሥራት እችላለሁ» ከሚል ወጣት ይልቅ «ጋሼ፣ መብራት ሲሰቅሉ መጥቼ ላግዝዎት? ገመድ መጠቅለልና ዕቃ መሸከም እችላለሁ» የሚለው ቶሎ ይደመጣል። ሲመጣም ጥቁር ልብስ፣ ጠንካራና የተዘጋ ጫማ፣ ጓንት፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተርና ናስትሮ ይዞ ቢመጣ የሚናገረውን ዕቃው ይመሰክርለታል። አንድ ሁለት ጊዜ በነፃ ማገዝ ለመተዋወቅ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍያ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በልምምድ ስም ወጣቶችን ለወራት ያለ ክፍያ የሚያሠራ ድርጅት ትክክል አይሠራም።

ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት አይደለም። ኃላፊው አንድ ረጅም ገመድ ሰጥቶ «ጠቅልል» ይላል። በክርንና በመዳፍ መካከል የሚጠመጥም ሰው የውስጡን መዳብ እያጠማዘዘ ይበጥሰዋል። የሙያው አጠቃለል አንዱን ዙር ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እየገለበጡ በሰፊ ክብ መያዝ ነው፤ እንዲህ የተጠቀለለ ገመድ ሲወረወር ሳይቋጠር ይዘረጋል። ቤት ውስጥ በማንኛውም ገመድ ሊለመድ የሚችል ሲሆን፣ ኃላፊው የእጁን እንቅስቃሴ አይቶ የሰውየውን ልምድ ይገምታል። ቀጥሎ አንድ የማይሠራ ማይክ ሰጥቶ «እስኪ እየው» ሊል ይችላል፤ ፈተናው መልሱን ማግኘት ብቻ ሳይሆን በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ ማየት ነው።

በግል ድርጅት የሚቀጠር ሰው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የመንግሥት ቴአትር ቤት ሠራተኛ ግን በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይተዳደራል። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው። ዕቃ የሚወርደው ትርዒቱ ካለቀ በኋላ በመሆኑ የሌሊቱ ሒሳብ በዚህ ሙያ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ወጣትን በእነዚያ የሌሊት ሰዓታት ማሠራት የተከለከለ ነው። በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ የሌሊት ትራንስፖርት በማን እንደሆነና ገንዘቡ መቼ እንደሚሰጥ ዕቃ ከመሸከሙ በፊት ይስማማ። ሴቶች ከዚህ ሙያ የሚርቁበት አንዱ ምክንያት የሌሊት መመለሻ ማጣት ነው፤ ችሎታቸው አይደለም። ሠራተኛውን ሁሉ እስከ በሩ የሚያደርስ ድርጅት የተሻሉ ሠራተኞችን ያገኛል።

ጆሮም የሥራ መሣሪያ ነው፤ የተጎዳ ጆሮ ደግሞ አይመለስም። በአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም መመሪያ 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ እስከ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በኮንሰርት ስፒከር አጠገብ የሚውል ረዳት የጆሮ መድፈኛ ሳይዝ መሄድ የለበትም።

በውጭ አገር ያሉ ወጣቶች የሚገቡበት መንገድ በአደረጃጀት ይለያል። በአሜሪካ የመድረክ ሠራተኞች ትልቁ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1893 ኒውዮርክ ውስጥ የተቋቋመው አያትሲ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ቅርንጫፉ ሎካል 22 ይባላል። ሙሉ አባል ለመሆን ጊዜ ይወስዳል፤ ጀማሪው ብዙውን ጊዜ ሥራ ሲበዛ የሚጠሩ ተጠባባቂ ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ስሙን አስመዝግቦ ይጀምራል። ማኅበሩ ያልገባባቸው ትንንሽ ቴአትር ቤቶችም የራሳቸውን ተመሳሳይ ዝርዝር ይይዛሉ። ኦሻ የሚባለውን የ10 ሰዓት የሥራ ደኅንነት ሥልጠና የወሰደ ሰው ካርዱን ሊያሳይ ይችላል። በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫልና አብረውት የሚዘጋጁት ኮንሰርቶችም የቋንቋውን ሰው የሚፈልጉ ሥራዎች አሏቸው።

አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ፣ ከጀማሪነት ወደ ቋሚ መደብ የሚያሻግረው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው፤ ብዙ የቀን ሠራተኞች ለዓመታት ሠርተው በእጃቸው የማይገኘውም እሱው ነው። በአዋጅ 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው ሲጠይቀው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ጀማሪዎች ይህን ወረቀት ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት ይጠይቁ፤ አከራይ ድርጅቶችና የቴአትር አዘጋጆችም የረዳቶቻቸውን ስም በፖስተሩና በትርዒቱ መጽሔት ላይ ያስፍሩ፣ ማስረጃውንም ሳይለመኑ ይጻፉላቸው።